ቤት ያፈራውን

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ሳልደውል በመምጣቴ ይቅርታ ልጠይቃችሁ ብዬ ነበር፤ መልሼ ተውኩት። እኛ ባደግንበት ዘመን ዘመድ ቤት የሚኬደው ሳይደወል ነው። ከቅዳሴ ስወጣ ጀሞ የሚል ታክሲ አገኘሁ፤ ተሳፈርኩ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሁለቴ አርፌ ወጣሁ። በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ደስታሽ ከልብ ነበር፤ ጉንጬን ስመሽ ከዘራዬን ተቀበልሽኝ። ወዲያው ግን ዓይንሽ ማድ ቤት ደርሶ ሲመለስ ድንግጥ ስትዪ አየሁሽ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ስልኩን መዘዝ አድርጎ «ጋሼ፣ ምን ይታዘዝልዎት?» አለኝ።

«ቤት ያፈራውን» አልኩ።

ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ቤት ያፈራውን ማለት ያለውን፣ ያደረውን፣ ከድስቱ ሥር የተረፈውንም ቢሆን ማለት ነው። እንግዳው አታስቸግሩልኝ ሲል የሚለው ነው፤ ባለቤቱም ቢያንስብኝ አትፍረዱብኝ ሲል የሚለው ነው። ያን ዕለት ቤታችሁ ያፈራው ማቀዝቀዣው ውስጥ ያየሁት አንድ ጠርሙስ ካቻፕ፣ ግማሽ ሎሚና ከሐሙስ የተረፈ የፒዛ ካርቶን ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ማቀዝቀዣ መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ውሃ ፍለጋ ነው።

የታዘዘው ምግብ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ሞተረኛው ልጅ ብሎኩ ጠፍቶት ሦስት ጊዜ ደወለ። በመጨረሻ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ በሩ ላይ ቆመ። «ምሳ በልተሃል ወይ?» አልኩት። «ገና ነኝ አባባ» አለኝ። ግባና ቅመስ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የመጡት ሳጥኖች ሦስት ናቸው፤ እኛም ሦስት ነን። ደጃፍ ላይ የቆመ፣ ምሳውን ያልበላ ልጅ ግባ ሳልለው ስሸኝ በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው የሰነበትኩት ይህንኑ ነው። ታዝዞ የሚመጣ ምግብ በሰው ልክ ተሰፍሮ ይመጣል። ድስት ግን ቁጥር አያውቅም። ለሦስት ሰው የተጣደ ሽሮ አራተኛ ሰው ሲመጣበት ግማሽ ጭልፋ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ አምስተኛ ሲመጣ ቃሪያ ይሰነጠቅና ከጎኑ ይቀመጣል፤ ስድስተኛ ከመጣ እንጀራ ይፈረፈርበታል። እናቴ ስምንት ልጆች ሰብስባ ስታበላ ጎረቤት ብቅ ሲል «ለእሱ የሚሆን ከየት ይመጣል?» ስትል ሰምቻት አላውቅም። መሶቡ ዞር ይላል፣ እኛ ጠጋ ጠጋ እንላለን፣ በቃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ማዕድ ሲካፈሉት ይበረክታል። የእናንተ ሳጥን ግን ከነቁጥሩ ነው የመጣው፤ በእስክሪብቶ «1»፣ «2»፣ «3» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለውን እንደማትረሱት አውቃለሁ፤ በፊታችሁም ቅር አላለኝም። ግን ሦስታችንም የየሳጥናችንን ክዳን ከፍተን አንገታችንን ደፍተን ስንበላ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከእኔ ሳጥን ቆርሼ ላጎርስሽ እጄን ዘረጋሁ። ትዝ ይልሻል? በበርገር ጉርሻ አይሆንም። ሶሱ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ፤ እስካሁንም አልለቀቀም።

አሁን አንተ «ይሄ ሽማግሌ ሚስቴን ማድ ቤት ሊከትብኝ ነው» ብለህ እንዳትሰጋ፣ አንቺም ገና ሳትጨርሺው እንዳትከፊ። ስለ እናቶቻችን ወጥ እያወሩ ምራቅ መዋጥ ቀላል ነው፤ ያንን ወጥ ስትሠራ ዓይኗ በጭስ የጠፋውን እናት ማስታወስ ነው የሚከብደው። እኔ የምናገረው ዘግይቶ ከገባው ሰው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

እስከ 63 ዓመቴ ድረስ የማድ ቤታችን መብራት ማብሪያ በየት በኩል እንዳለ አላውቅም ነበር ብል አላጋነንኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ስመረምር ኖሬ የራሴ ቤት በዓመት ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሚፈጅ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። የልጆቼ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዳሌዋ ተሰብሮ የተኛች ጊዜ ነው ጉዴ የፈላው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምግብ ቤት በሳህን እያመላለስኩ በላን። ምግቡ መጥፎ አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ግን ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አድርጋ «የሰው እጅ ሰለቸኝ» አለችኝ። «አልጋዬን ወደ ሳሎን አውጡልኝ፤ ከዚህ ሆኜ እነግርሃለሁ፤ አንተ ትሠራለህ።»

የመጀመሪያው ትምህርት ቁሌት ነው። ቀይ ሽንኩርት ላጥኩ፤ ላጥኩ ሳይሆን አለቀስኩ ማለት ይሻላል። ከትፌ ስጨርስ የዘይት ጠርሙሱን አነሳሁ። ከሳሎን «ዘይቱን አስቀምጥ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ክዳኑ ሲፈታ ሰምታው ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚጣደው። ድስቱ ሲግል ውሃውን ይተፋል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያለው ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ያ ድምፅ ሲሳሳ፣ ሽንኩርቱ ድስቱን መያዝ ሲጀምር፣ «አሁን አማስል፣ ውሃ ጠብ አድርግ» ትለኛለች። ጠብ ነው፣ ማፍሰስ አይደለም። ይመጥጣል፤ ደግሞ ጠብ ይደረጋል። እንዲህ እየተመላለሰ ሽንኩርቱ ሽንኩርትነቱ እስኪጠፋ ይቁላላል። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ ነው፤ ከዚያ በርበሬው። በርበሬው ሲገባ ሽታው መጀመሪያ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ያስነጥሳል፤ እየበሰለ ሲሄድ ይለዝብና ወደ ጣፋጭነት ያደላል። እሷ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ገና ነው፣ ጥሬው ይሸተኛል» እያለች ግማሽ ሰዓት አቆመችኝ። አንድ ጊዜ ስልክ ላነሳ ዞር ብል ከሥር ያዘብኝ። ካልተገላበጠ ያራል የሚለውን ተረት ስንት ስብሰባ ላይ ስናገረው ኖሬ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የዚያን ቀን ድስት ስፈገፍግ ነው።

እንጀራው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዱቄቱን በእርሾ አቦካሁ፤ ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀዳሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ምጣድ ላይ አፈሰስኩት። አብሲት የሚባል ነገር መኖሩን ነግራኝ ነበር፤ ረስቼው ነው። ከቡኮው ቀንሼ በፈላ ውሃ አማስዬ፣ ወፈር አድርጌ አብስዬ፣ መልሼ ከቡኮው ጋር መቀላቀልና ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነበረብኝ። የወጣው እንጀራ ዓይን የለውም፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀ የወንዝ ዳር ጭቃ ይመስላል። በሰፌድ ይዤ አሳየኋት። ስብራቷን ይዛ እየሳቀች «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለችኝ። የ63 ዓመት ልጅ! ያንን እንጀራ አልጣልነውም፤ ቆራርሰን ፀሐይ ላይ አሰጣነውና ድርቆሽ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እሷ እስክታርፍ ድረስ አራት ዓመት ሁለታችን ነን ስንሠራ የኖርነው። እሷ ትቀምሳለች፣ እኔ አማስላለሁ። አርባ ዓመት በትዳር ኖረን ያላወራነውን ወሬ ያወራነው ሽንኩርት እየላጥን ነው። ሽንኩርት ሲላጥ ደግሞ ማን ለምን እንዳለቀሰ አይታወቅም፤ ለባልና ሚስት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ወንድ ምን ሊያደርግ ማድ ቤት ይገባል የሚል ጓደኛ ካለህ አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ። በትልልቅ ሆቴሎች ነጩን ቆብ ደፍቶ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ደሞዝ ሲቆረጥለት ሙያ የሆነ ነገር ቤት ሲገባ ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ሙያ በልብ ነው ሲባል በፆታ ነው አልተባለም።

የእናንተን ዘመን አልወቅስም። ጧት 12 ሰዓት ከቤት ወጥታችሁ ማታ 2 ሰዓት ትገባላችሁ፤ ታክሲ ሰልፉ አለ፤ ስትደርሱ መብራት ይጠፋል። ማድ ቤታችሁንም አየሁት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አይሠራበትም። እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች ሲታቀዱ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት በየግቢው አብሮ ታስቦ ነበር። በእናንተ ግቢ ያለውን ዘበኛውን ጠይቄው፣ የሲሚንቶና የአሮጌ በር ማስቀመጫ ሆኗል። ነዋሪው ተሰብስቦ ሊያስመልሰው ይችላል፤ አንድ ቀን በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ አንሱት። አሁን ወደ ነገራችን ልመለስ።

ፈጣን ምግብ አዲስ ነገር ይመስላችኋል። አባቶቻችን ፈጣን ምግብ ነበራቸው፤ ስሙ ስንቅ ነው። በሶ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፤ ጩኮ ከቅቤው ጋር ታሽቶ ስለሚያድር እሳት አይፈልግም፤ ድርቆሽ ወጥ ሲያገኝ ይርሳል፤ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የወረደው ሠራዊት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሄደው በአብዛኛው ይህንኑ በአህያና በበቅሎ ጭኖ ነው። ልዩነቱ የት ጋ እንዳለ እዩልኝ። የእነሱ ፍጥነት ቀድሞ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ፍጥነት ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ አልቋል፤ መንገድ ላይ የቀረው መበጥበጥ ብቻ ነው። የእናንተ ፍጥነት ደግሞ ከረሃባችሁ በኋላ የሚጀምር ነው። ሆዳችሁ ሲጮህ ነው ስልክ የምታነሱት፤ ሞተሩ እስኪመጣ ደግሞ አንድ ሰዓት። ሽሮ እኮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

አበሾች ለዚህም ተረት አላቸው፤ ከተረቶች ሁሉ ለማድ ቤት የቀረበው እሱ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሰዎች ለፖለቲካ፣ ለትዳር፣ ለፈተና ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ቃል በቃል ወስጄዋለሁ። በርበሬ የሚገዛው በበጋ፣ ዛላው ደርቆ ከማረቆና ከአላባ ሲገባ ነው። ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ ያድራል፤ ደግሞ ይደርቃል፤ ኮረሪማውና አዝሙዱ ታምሶ ይገባበታል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህን ለአንድ ሳምንት የለፋ ሰው ዓመቱን ሙሉ ማታ ሲገባ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። የእኔ ቤት በዓመት 6 ኪሎ ይፈጃል፤ ደብተር አለኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተጋግዘን ነው የምናዘጋጀው፤ በርበሬ መቀንጠስ ብቻውን የሚሠራው ሰው እብድ ነው። የመቀንጠሱ ቀን ሐሜቱም ሳቁም ሌላ ነው፤ እጅ ግን ዓይን እንዳይነካ።

ቁሌቱም እንደዚሁ ነው። አሁን ሴቶቹ ብልሃት አምጥተዋል፤ እኔም ከእነሱ ነው የተማርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት ይቁላላና፣ በርበሬው ገብቶ በደንብ ከበሰለ በኋላ ቀዝቅዞ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል። ማክሰኞ ማታ አንዱን አውጥቶ ምስር ክክ ቢጨምሩበት ምስር ወጥ ነው፤ ሐሙስ ሥጋ ከገባበት የሥጋ ወጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነውና ያለ ቅቤ መሆኑን አስቡ፤ ቅቤውንና መከለሻውን መጨረሻ ላይ ለየብቻ ጨምሩ። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ያበላል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ግን ዳግመኛ አታስገቡት፤ ቀቅላችሁ ብሉት።

ስለ ጤና ብዙ አልልም፤ ሐኪሙ ይበልጣል። አንድ የራሴን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የደም ግፊት አለብኝ። ሐኪሜ በቀን ከ5 ግራም ጨው እንዳላልፍ ነገረኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ወጥቼ የምበላ ቀን ምን ያህል እንደገባብኝ በምን አውቃለሁ? ቤቴ ስሠራ ግን እጄ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ስለዚህ ወጡን ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደግሞ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር፣ ቅቤ ላይ ሙዝና የሚረጋ ዘይት፣ እንጀራ ላይ ጄሶና ሰጋቱራ ተቀላቅሎ ተገኘ የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሰማን። ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የምገዛት ባለ እንጀራ አለችኝ፣ ለእጇ የምምልላት። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጤፉን አይቶ የገዛ፣ ወፍጮ ቤት ቆሞ ያስፈጨ ሰው የሚጠረጥረው ራሱን ብቻ ነው።

ውጭ አትብሉም አልልም። እንዲህ የሚል ሽማግሌ ነበር ድሮ፤ እኔ አይደለሁም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ በገንዘብ ምግብ መግዛት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ሰው ደፍሮ የሚገባ ጠፋ ይባላል። ያበላ የነበረው ግብር እንጂ ገበያ አልነበረማ! ሲነገር እንደኖረው፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳቡን ከፍለው ነው ነገሩ የተለመደው። እቴጌይቱ ደግሞ ምግብን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ለቀናት የዘለቀውን ግብር ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ማጀቱንም ሆቴሉንም ባንድ እጅ የያዙ ሰው ካሉን እኛ አንዱን ለመያዝ ሌላውን የምንጥልበት ምክንያት የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነው የምፈራው። ወጥታችሁ ብሉ፤ ክትፎ ስትፈልጉ ክትፎ ቤት ሂዱ፤ ክትፎ በእኔ እጅ ተሞክሮ አያምርም። ግን መውጣት የሚጥመው መመለሻ ሲኖረው ነው።

ታላቋ ልጄ ዋሽንግተን ናት። መጥታ ስትመለስ ሻንጣዋን ሚዛን ላይ አይቼዋለሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሁለት ጫማ አውጥታ ጥላ ሄደች፤ ሽሮዋን አልነካችም። ለትርፍ ኪሎ የከፈለችውን ገንዘብ ነግራኝ ሒሳቡ አልገባልኝ አለ፤ እዚያ አገርም እኮ የአበሻ መደብር ሞልቷል። ለምን ስላት «አባዬ፣ የእናቴን ቤት ነው የምሸከመው» አለችኝ። እዚያ ተራራና ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚናፈቀው ነገር እዚህ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ፣ መንገድ ተሻግሮ ካለው ጉሊት አለ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

እናንተ ገና ልጅ አልወለዳችሁም፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሲመጣ አንድ ነገር ታያላችሁ። ሕፃን ልጅ ቤቱን የሚያውቀው በጠረኑ ነው። የእኔ ልጆች ዛሬም ቤት ሲገቡ በር ላይ ቆመው አየሩን ይስባሉ፤ ምን እንደተጣደ ሳይጠይቁ ይናገራሉ። የእናንተ ኮሪደር ላይ ያን ዕለት ስወጣ የሸተተኝ ከሦስተኛ ፎቅ የሚመጣ የቡና ጭስና የሆነ ሰው የሚያነጥረው ቅቤ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ደረጃ የሰለቸኝ መስዬ አረፍኩ እንጂ ውስጤ ግቡልኝ እስኪሉኝ እየጠበቀ ነበር። የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ግን ከውጭ ይጣራል።

ስለ ገንዘቡ አንዲት ነገር። እሑድ ለሦስታችን የከፈልከውን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አየሁት፤ የሒሳብ ሰው ዓይን ክፉ ልማድ ነው። ቤት ሄጄ ደብተሬን ገለጥኩ። በዚያ ገንዘብ እኔ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ ለታክሲ ይተርፈኛል። ሞተረኛው ልጅ ከዚያ ውስጥ ስንት እንደደረሰው ደግሞ እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጧት እመጣለሁ፤ አሁን ደውዬ ነው የምመጣው፣ እንዳትደነግጡ። እናንተ የምታዘጋጁት 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ስል ቢላ ሁለትና ከሥሩ ወፈር ያለ ድስት ነው፤ ያ ሰርጋችሁ ላይ የመጣላችሁ ቀጭን ድስት ያሳርራል፣ ለፓስታ አድርጉት። በርበሬና ሽሮ ከእኔ ነው። ምጣድ ካልገዛችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ የጎረቤት ተዋሱና እጃችሁን ሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት እንጀራዎች ይበላሻሉ፤ ድርቆሽ እናደርጋቸዋለን። ከዳር ወደ መሃል እያዞሩ ማፍሰስ ነው፤ ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን መድፋት፤ ጠርዙ ከምጣዱ ለቀቅ ሲል በሰፌድ ማውጣት። አንተ ትጋግራለህ፤ አንቺ ትዳኛለሽ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትቀያየራላችሁ።

የዚያ ሞተረኛ ልጅ ቁጥር ስልክህ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ደውልለት። በምሳ ሰዓት በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ወጣ ብሎ ይቅመስ፤ የሚሠራው ለሰባት ሰው ነው፣ ለአሥር ይበቃል።

እርሾውን እኔ ይዤ እመጣለሁ። የልጆቼ እናት ካቦካችው የተረፈ ነው፤ እስካሁን ከቡኮ ወደ ቡኮ ሳላቋርጠው አቆይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠፍቶብኝ፣ ከእሷ የተበደረች ጎረቤት መልሳ አበድራኛለች። በጃም ብርጭቆ ነው የማመጣው፤ ክዳኑን ላላ አድርጌ በፌስታል እጠቀልለዋለሁ። ባለፈው ለእህትህ ስወስድ አጥብቄ ዘግቼው ታክሲ ውስጥ ፈንድቶ፣ ረዳቱ «አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?» እያለ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሎኛል።